በጥቅል ጎመን አሲድ መፈተሽ፣ ሲኒ ካላችሁ ላብራቶሪ አላችሁ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን የኬሚስትሪ ሆምወርክ ይዛ መጣች፣ እቤት ካሉት ነገሮች የትኛው አሲድ የትኛው ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒው) እንደሆነ ለይታችሁ ኑ ተብለው፣ በምን እንደሚለዩት ግን የነገራቸው የለም መፈተሻውን ሊትመስ ወረቀትም የሰጣቸው የለም። አብሽሪ አልኳትና እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ወረድን። እዛ ጎመን ከሚሸጡት ሴቶች ያንን ወይንጠጅ ከለር ያለውን ጥቅል ጎመን፣ ሆቴል ቤት ሰላጣ ላይ ከትፈው የሚያመጡትን ማለቴ ነው፣ አንድ ራስ ገዛን። ነጩ ጥቅል ጎመን አይሰራም፣ ስራውን የሚሰራው ከለሩ ነው፣ አሲድ ሲነካው ወደ ቀይ፣ ቤዝ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

አሰራሩ ይሄ ነው። የጎመኑን ሩብ ደቀቅ አርጋችሁ ክተፉና ጆግ ውስጥ ጨምሩት፣ ከዛ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ክደኑት። ደሴ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ግማሽ ሰአት ተዉት። ሲበርድ በወንፊት አጥልሉት፣ ጥቁር ሊመስል ትንሽ የቀረው ወይንጠጅ ውሃ ታገኛላችሁ። በአሉሚኒየም ድስት አትቀቅሉት ከለሩን ይቀይርባችኋል። እና ደግሞ ገና ሲወጣ ሰማያዊ ከሆነባችሁ ጎመኑ አይደለም ችግሩ፣ የቧንቧችሁ ውሃ ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሰራ አይነት ውሃ ራሱ ትንሽ ወደ ቤዝ ያዘነበለ ነው፣ በዝናብ ውሃ ወይ በታሸገ ውሃ ድገሙት። ፍሪጅ ካስገባችሁት ጥቂት ቀን ይቆያል ግን በደንብ ክደኑት፣ ሽታው ከወጣ ቤተሰብ ያስኮርፋል።

አሁን ሲኒ ደርድሩ። እውነቴን ነው ከሲኒ የተሻለ ዕቃ የለም፣ ውስጡ ነጭ ስለሆነ ከለሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቴ ረከቦቷ ሲራቆት አይታ ብዙ ብላለች እሱን ተዉት። ለሚበላ ለሚጠጣው ብቻ ግን ነው ሲኒ የምትጠቀሙት፣ ለሳሙናና ለበረኪና የሃይላንድ ፕላስቲክ ከስሩ ቆርጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ሲጨርስ ይጣላል። በየሲኒው ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጎመን ውሃ፣ ከዛ የምትፈትሹት ነገር አንድ አንድ ማንኪያ። ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ በውሃ በጥብጡት። አንድ ሲኒ ምንም ሳይገባበት ይቀመጥ፣ ማነጻጸሪያ ነው፣ እሱን ከረሳችሁ በኋላ ይሄ ተቀይሯል አልተቀየረም እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

ሎሚና አቸቶ ወዲያው ቀይ ይሆናሉ። ስፕራይትም ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ምላስ እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው፣ ስኳሩ ኮምጣጣነቱን ስለሚደብቀው ጣፋጭ ይመስለናል እንጂ ለስላሳ ጥሩ አሲድ ነው (ኮካ ደግሞ ይብሳል፣ ግን ከለሩ ስለሚጋርድ ለዚህ ፍተሻ አይመችም)። ቡናም እንደዛው፣ አሲድ ነው ግን ጥቁር ስለሆነ በብዙ ውሃ ካላቀጠናችሁት ምንም አታዩም። እርጎ ሮዝ ነገር ይሆናል፣ ወተት ግን ፈዛዛ ወይንጠጅ ሆኖ ይቀራል። ጨውና ስኳር ምንም አይቀይሩም። ቤኪንግ ሶዳ ሰማያዊ፣ የልብስ ሳሙናና ኦሞ ወደ አረንጓዴ። የገረመኝ አመድ ነው፣ ከምድጃ የተዛቀ የእንጨት አመድ በውሃ በጥብጣችሁ ካጠለላችሁት ጥርት ያለ አረንጓዴ ያወጣል፣ ከሳሙና አያንስም። ድሮ በአመድ ዕቃ የሚፈተገው ለካ ዝም ብሎ አይደለም።

ቁጥር ከፈለጋችሁ ፒኤች የሚባለውን ልኬት ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው በፈረንጆች 1909 ያመጣው። 7 መሀል ነው፣ ከዛ በታች አሲድ ከዛ በላይ ቤዝ፣ እና አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲድነቱ አስር እጥፍ ይጨምራል። ሎሚ 2 አካባቢ ነው፣ እርጎ ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንግዲህ ሎሚው ከእርጎው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። በጎመን ትክክለኛውን ቁጥር አታገኙም፣ ቀይ ከሆነ 3 እና ከዛ በታች፣ ሮዝ ከሆነ 4 ወይ 5፣ ወይንጠጅ 7 አካባቢ፣ ሰማያዊ 8፣ አረንጓዴ 9 እና ከዛ በላይ ብላችሁ መገመት ነው።

በረኪና ላይ ግን ቆም በሉ። መጨረሻ ላይ፣ ውጪ፣ ለብቻው ነው የሚሞከረው። አረንጓዴ ቢጫ ነገር ያሳያችሁና ከዛ ከለሩን ጭራሽ አጥፍቶ ውሃ ያስመስለዋል፣ ቤዝ ስለሆነ ሳይሆን ከለር ስለሚያነጣ ነው፣ ልክ ልብስ ላይ እንደሚያደርገው። እና የበረኪናው ላይ ሎሚም አቸቶም የመጸዳጃ ቤት አሲድም ጠብ እንዳይል፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ቀልድ አይደለም። ልጆች ሲጨርሱ ሁሉንም አንድ ላይ መገልበጥ ስለሚወዱ የበረኪናውን ቀድማችሁ ደፍታችሁ አጥቡት። መቀላቀል ካማራቸው ሎሚውንና ቤኪንግ ሶዳውን ያቀላቅሉ፣ ይኩረፈረፋል፣ ቀዩና ሰማያዊው ተገናኝቶ ወደ ወይንጠጅ ይመለሳል፣ እሱ ምንም አይልም።

ወረቀት አርጋችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሶፍት ወይ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ነክራችሁ ጥላ ላይ አድርቁና ቀጫጭን አርጋችሁ ቁረጡት። እኔ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ሰርቼ ገና ሳይደርቅ ሰማያዊ ሆኖብኝ ስበሳጭ ዋልኩ፣ ለካ ወረቀቱ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፣ ራሱ ቤዝ ነው። ጎመን ያጣ ሰው ደግሞ እርድ አለለት፣ ወጥ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ እድፉ የሚቀላው ለዚህ ነው። እርድ በአልኮል በጥብጣችሁ ወረቀት ከነከራችሁ ሳሙናና አመድ ሲነካው ይቀላል፣ አሲድ ላይ ግን ቢጫ እንደሆነ ስለሚቀር ሎሚን ከውሃ አይለይላችሁም።

ለሆምወርኩ መጨረሻ ያቆየነው ግን የእንጀራውን ሊጥ ነው። ሊጡ ራሱ ከለሩ ይረብሻል፣ እላዩ ላይ የሚቆመውን ቢጫ እርሾ ውሃ ነው ቀስ ብሎ መቅዳት። በተቦካ በነጋታው ቀዳን፣ ወይንጠጁ ትንሽ ፈካ አለ። በሁለተኛው ቀን ሮዝ። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀቱ ስለሚያፈጥነው እስካሁን ደርሶ ነበር፣ እኛ ጋ ብርዱ ያቆየዋል። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ሲኒው ወደ ቀይ ሲጠጋ ልጅቱ ደርሷል ልትላት ወደ አያቷ ሮጠች፣ እናቴ ለካ ከሽታው አውቃ አብሲቱን ጥዳለች።