ኢሳን ለገባችሁ፦ ምግብ የት ይበላል?

ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን የሚባለው፣ የሩዝ ገበሬ አገር ነው። ኮን ኬን ወይም ኡዶን ታኒ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙም አትቸገሩም። ለማስተማር ወይም በትዳር መጥታችሁ ገጠር ከገባችሁ ግን «ሬስቶራንት» የሚል ታፔላ እያያችሁ አትዙሩ። ጭስ ፈልጉ።

መንገድ ዳር ዶሮ በቀርከሃ ተይዞ ከሰል ላይ ሲጠበስ ካያችሁ፣ አጠገቡ የሸክላ ሙቀጫ አይጠፋም። ዶሮው ጋይ ያንግ ነው። ሙቀጫው ውስጥ ደግሞ ሶም ታም ይወቀጣል፦ ጥሬ ፓፓያ ተሸንሽኖ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር። ሻጯ ዘነዘናውን ይዛ ስንት ቃሪያ ልክተት ብላ ትጠይቃችኋለች። እኛ በርበሬ ለምደናል ብላችሁ እንዳትጀነኑ! ሚጥሚጣ የምትመስለዋ ትንሿ ቃሪያ ናት፣ ያውም እርጥቧ። በአንድ ጀምሩ። የተብላላ ዓሣ፣ ማለትም ፕላ ራ፣ ሽታው ከከበዳችሁ «ማይ ሳይ ፕላ ራ» በሉ። ኦቾሎኒ ያለበት «ሶም ታም ታይ» ለጀማሪ ይሻላል።

ከዚህ ጋር ተጣባቂው ሩዝ፣ ካኦ ኒያኦ፣ ክዳን ባለው የቀርከሃ ሙዳይ ይመጣል። ቆንጠር አድርጋችሁ በጣት ድብልብል ታደርጉና ማባያው ውስጥ ነከር ነው። በእጅ መብላት ለኛ ማን ያስተምረናል? ብቻ በጎረሳችሁ ቁጥር ክዳኑን መልሱ፤ ሩዙ ቶሎ ይደርቃል። አንድ ሳህን ሶም ታም ወይም የኑድል ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ባት ነው። የባንክ ሒሳብ እስክትከፍቱ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። የጠዋት ገበያ ጎሕ ሲቀድ ይጀምርና ረፋዱ ላይ ይበተናል። የማታውም ቶሎ ያበቃል። የማታ ሰዓት አቆጣጠራቸው ደስ ይላል፤ ከኛ ጋር አንድ ነው። «ሶንግ ቱም» ካሏችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ በመንደር ያን ጊዜ ብዙው ቤት ተዘግቷል። በኅዳር አጨዳ ደግሞ ባለቤቷ ማሳ ወርዳ በቀንም ተዘግቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ወረዳ ከተማ ያለው ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ለክፉ ቀን ነው።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ፦ «ማይ ሳይ ሙ» ብትሉ ሥጋውን ያወጡላችኋል፤ መረቁ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት የተቀቀለበት ነው። ስለዚህ የበሬ ሥጋ ኑድል ብቻ የሚሸጥበትን ቤት ጠይቁ። ሐላል የምትሹ ምልክቱን ፈልጉ፤ በኢሳን ሙስሊሙ ጥቂት ስለሆነ ከከተማ ውጭ እምብዛም አይገኝም።

ጥሬ ሥጋ ወዳዶች እዚህ ዘመድ አግኝታችኋል። በሐሞት የተለወሰ ጥሬ የተከተፈ የበሬ ሥጋ፣ «ላብ» የሚሉት፣ የኢሳን ገበሬ የድግስ ምግብ ነው። ከክትፎ ጋር ባይስተካከልም አፍ ላይ ይጥማል። ጥገኛ ትሉ ግን እንደ አገር ቤቱ ነው፤ የበሰለ ለማዘዝ «ሱክ» በሉ። ጥሬ አሳማ ግን ጆሮ የሚያደነቁር ኢንፌክሽን ያስይዛል። ጥሬ የወንዝና የኩሬ ዓሣ፣ ኮይ ፕላ የሚሉት፣ በፍጹም አትንኩ። በውስጡ ያለው የጉበት ትል የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ያመጣል፤ ኢሳን በዚህ በሽታ በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው።

ለጿሚ መፍትሔው «ጄ» ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም ሆነ ዓሣ አያስገባም። «ማንግሳዊራት»፣ ማለትም ሥጋ የሌለበት፣ ሲሏችሁ ግን ጠይቁ፤ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። ሶም ታምም ያለ ዓሣ መረቅ ካልተሠራ የጾም አይደለም። የጄ ምግብ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የለውም፤ አልጫ አልጫ ካላችሁ ከቤት በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ።