በያዛችሁት ስልክ ልክ የተሰፋ አፕ፦ ሌይአውት (የስክሪን አቀማመጥ) ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሠሪው እጅ ላይ የሚያምር አፕ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲጫን ጽሑፉ ይቆረጣል፣ ቁልፉም ከስክሪኑ ይወጣል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ፒክስል መቁጠር። «ያ ስልክ 720 ፒክስል ስፋት አለው፣ ይሄኛው 1080፤ ስለዚህ ሁለት ዲዛይን ልሥራ» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። አያስፈልግም። አንድሮይድ ሌይአውት የሚለካው በዲፒ፣ ማለትም በስክሪኑ የፒክስል ጥግግት በሚስተካከል መለኪያ፣ ነው። 160 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 160 ፒክስል) ያለው ስክሪን ላይ 1 ዲፒ 1 ፒክስል ነው። ስለዚህ 720 ፒክስል በ320 ዲፒአይ፣ 1080 ፒክስል ደግሞ በ480 ዲፒአይ፣ ሁለቱም 360 ዲፒ ይሆናሉ። ለእናንተ አንድ ስልክ ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሰምቶ የሁሉንም ካርድ ስፋት 360 ብሎ መቆለፍም ያው ስህተት ነው፤ ሁሉም ስክሪን 360 ዲፒ አይደለም። ፍላተር (የጉግል አፕ መሥሪያ) ላይ ቢጫና ጥቁር ሰንበር የሚመጣው ቦታው ሲያንስ ነው። ሰንበሩ የሚታየው በዲበግ፣ አፑ ገና ሲሠራና ሲሞከር፣ ብቻ ነው። አፑ ሲለቀቅ ምልክቱ ይጠፋል እንጂ ችግሩ የትም አይሄድም።

«ታብሌት ነው ወይስ ስልክ?» ብሎ መጠየቅ። ታብሌት ላይ ሁለት አፕ ጎን ለጎን ሲከፈት የእናንተ ድርሻ የስልክ ያህል ሊጠብ ይችላል። መጠየቅ ያለበት አፑ አሁን የተሰጠው ቦታ ነው። የአንድሮይድ መመሪያ ከ600 ዲፒ በታች ጠባብ፣ ከ600 እስከ 840 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ሰፊ ይላል። «እኔ አፑን በቁመት ቆልፌዋለሁ» ብላችሁም አትተኙ። በ2025 የወጣው አንድሮይድ 16፣ ለእሱ ተብለው የተዘጋጁ አፖች ላይ፣ ጌሞችን ሳይጨምር፣ በትልልቅ ስክሪኖች ይህን መቆለፍ ችላ ይላል።

መለጠጥ። ሰፊ ቦታ ተገኘ ተብሎ አንድ መስመር ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አይዘረጋም። ከፍተኛ ስፋት ወስኑለት። ወይም ዝርዝሩን በግራ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የተመረጠውን በቀኝ አድርጉ።

በእንግሊዝኛ ብቻ መሞከር። እኛ አገር በጣም የሚታለፈው ይሄ ይመስለኛል። ዲዛይኑ በ«ሴቭ» ያምራል፤ «ለውጦቹን አስቀምጥ» ሲገባ ይፈርሳል። «የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?» የሚለውን ጠባብ ስክሪን ላይ አስገብታችሁ እዩት። በዚያ ላይ እናቶቻችን ፎንቱን አተልቀው ነው የሚጠቀሙት፤ ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። የቁልፉን ቁመት በቁጥር ከቆለፋችሁ ፊደሉ መሃል ላይ ይቆረጣል። ዝቅተኛውን ቁመት ብቻ ወስኑ፣ ጽሑፉም ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ።

ኪቦርዱን መርሳት። ፎርሙ ባዶ ሳለ ሁሉም ይታያል። ኪቦርዱ ሲወጣ ግን «ይግቡ» የሚለው ቁልፍ ከሥሩ ይቀበራል። ገጹ ስክሮል እንዲሆን አድርጉ። ቦታ ጠበበ ብላችሁም ቁልፎቹን አታሳንሱ፤ ለጣት ቢያንስ 48 ዲፒ ይተው።