አር (R) የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ያልተሰጠ አርጉመንት (ለፈንክሽን የሚሰጥ ግብዓት) ወደ ሌላ ፈንክሽን ስናሳልፍ

ጅማ ክረምቱ ገብቶ መብራት ሄድ መጣ ሲል ላፕቶፔ ላይ ተጥጄ ሁለት ቀን የበላብኝ ኤረር ነው፣ እናንተም እንዳትለፉበት ብዬ ነው። ዳታው ከጎማና ከሊሙ ገበሬዎች የተሰበሰበ የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ኪሎ ነው። አማካይ የምታወጣ ፈንክሽን ጻፍኩ፣ ውስጧ የአርን ሚን (mean፣ አማካይ የሚያሰላውን) ትጠራለች፣ ትሪም (trim፣ ከሁለቱም ጫፍ ምን ያህሉ ይቆረጥ) የሚለውን አርጉመንት ግን የፈለገ ይስጥ ያልፈለገ ይተወው ብዬ ዲፎልት (ካልተሰጠ የሚወሰድ ዋጋ) ሳልሰጠው ተውኩት።

ከዛ ትሪም ሳልሰጥ ስጠራት «አርጉመንቱ የለም፣ ዲፎልትም የለውም» አለችኝ። እንዴ፣ ሚን እኮ የራሱ ዲፎልት አለው፣ 0 ነው! ለካ ውስጥ ላይ ትሪም = ትሪም ብዬ ከጻፍኩ ለሚን እንደሰጠሁት ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የራሱን 0 አይነካውም፣ አር ደግሞ ዋጋውን የሚፈልገው የሚጠቀምበት ሰዓት ላይ ስለሆነ ያኔ ወደኔ ፈንክሽን ዞሮ ሲያይ ባዶ ነው።

በነገራችን ላይ «የለም» ሦስት አይነት ነው። ያልተሰጠ አርጉመንት ማለት ገበሬው ራሱ አልመጣም፣ ነል (NULL) ማለት ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ፣ ኤንኤ (NA) ማለት ደግሞ ጆንያው ሙሉ ነው ግን ኪሎው አልተጻፈም። ነልን በኢዝ.ኤንኤ (is.na) ከጠየቃችሁት ትሩም ፎልስም አይላችሁም፣ ርዝመቱ 0 የሆነ ነገር ነው የሚመልሰው፣ ኢፍ ውስጥ ከሆነ ኤረር ነው። ለነል ኢዝ.ነል (is.null) በሉ።

እኔ አሁን የራሴ ፈንክሽን ላይ ትሪም = ነል አደርጋለሁ፣ ግን ነሉን እንዳለ ለሚን አታቀብሉት፣ ትሪም አንድ ቁጥር መሆን አለበት ብሎ ይጮህባችኋል። እንዲህ ነው የሚሻለው (ስሞቹን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፣ ስትሰሩ በራሱ በአር ስም ጻፉ)፦

ዕቃ <- ሊስት(ኪሎ, ኤንኤ.አርኤም = ትሩ)
ዕቃ$ትሪም <- ትሪም
ዱ.ኮል(ሚን, ዕቃ)

ኤንኤ.አርኤም (na.rm) = ትሩ ማለት ኤንኤዎቹን አውጣ ነው፣ ዱ.ኮል (do.call) ደግሞ ሊስቱ ውስጥ ያሉትን አርጉመንቶች ይዞ ሚንን ይጠራል። ሁለተኛዋ መስመር ናት ቁም ነገሩ። በዶላር ምልክት ነል ስትሰጡት ሊስቱ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ስለዚህ ሚን ትሪምን ጭራሽ አያየውም፣ በራሱ 0 ይሄዳል። ቁጥር ከተሰጠ ደግሞ ይገባል። ኢፍ እንኳ አያስፈልግም! ግን ሊስቱን ስትፈጥሩ እዛው ቅንፍ ውስጥ ትሪም = ትሪም ካላችሁ ነሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ እኔን ሌላ ግማሽ ቀን ያስበላኝ እሱ ነው።

አርጉመንቱ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም የሚለውን የሚነግር ሚሲንግ (missing) የሚባለው ፈንክሽንም አለ፣ ከተጠቀማችሁበት ፈንክሽኑ አናት ላይ ይሁን፣ አርጉመንቱ ላይ አንዴ ዋጋ ካስቀመጣችሁ በኋላ ፎልስ ነው የሚላችሁ። ነል ከሆነ ይሄን ውሰድ ለማለት ብቻ ከሆነ አር 4.4.0 ላይ %||% ራሱ ቤዝ (ከአር ጋር አብሮ የሚመጣው) ውስጥ ገብቷል፣ ትሪም %||% 0 ብላችሁ መገላገል ነው።

ሦስት ነጥብም (...) የተረፉትን አርጉመንቶች ወደ ሌላው ፈንክሽን ያሳልፋል፣ አጭር ነው፣ ግን ኤንኤ.አርኤምን ነጥቧን ረስታችሁ ብትጽፉት ሚን ዝም ብሎ ይውጠውና ኤንኤ ይመልስላችኋል፣ ኤረር እንኳ የለም።