የኋለኛው ዘመን የሮም ፈረሰኛ፦ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች

ስለ ሮም መንግሥት የመጨረሻ ክፍለ ዘመናት ሲጻፍ ፈረሰኛው ከሚገባው በላይ ይገንናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ስህተት ከአድሪያኖፕል (የዛሬዋ የቱርክ ከተማ ኤዲርኔ) ውጊያ ይነሣል። በ378 የምሥራቁ ንጉሠ ነገሥት ቫሌንስ ጎቶች በተባሉት የጀርመን ወገን ሕዝቦች ተሸንፎ ሞተ፤ ከሠራዊቱም ሁለት ሦስተኛው ያህል አለቀ። ከዚህ ተነሥቶ «እግረኛ አበቃለት፣ የፈረስ ዘመን ጠባ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ውጊያውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቫሌንስ ከምዕራብ ይመጣለት የነበረውን የምዕራቡን ንጉሠ ነገሥት የግራቲያንን ጦር አልጠበቀም፤ በፀሐይ ሲጓዝ የዋለ፣ የተራበና የተጠማ ሠራዊት አሰለፈ። የሮማውያን የግራ ክንፍ ፈረሰኛ እስከ ጎቶች የሠረገላ ሰፈር ዘልቆ ደጋፊ በማጣቱ ተደመሰሰ። በአላቴዎስና በሳፍራክስ የሚመራው የጎቶች ፈረሰኛም በድንገት ደረሰ። ጎኑ የተገለጠው እግረኛ ከመጨናነቁ የተነሣ ሰይፍ መምዘዝ እንኳ ተሳነው። የወደቀው እንግዲህ የገዛ ፈረሰኛው ያልሸፈነው እግረኛ ነው እንጂ ዘመን ያለፈበት አይደለም። የጎቶቹም ጦር ቢሆን አብዛኛው እግረኛ ነበር።

ሁለተኛው፣ ከዚያ በፊት ንጉሠ ነገሥት ጋሊየኑስ በሚላን ያሰባሰበውን ፈረሰኛ እንደ ቋሚ ተቋም ማየት ነው። ጦሩ የተሰበሰበው በችግር ጊዜ ነው። አዛዡ አውሬዎሉስ በ268 ዐመፀ፤ ጋሊየኑስም ሚላንን ከብቦ ሳለ በራሱ መኮንኖች ተገደለ። ፈጥኖ ጠላት ላይ የሚደርስ ጦር ዙፋንም ላይ ፈጥኖ ይደርሳል። በዚህ ጦር ውስጥ የነበሩት የዳልማትያ ፈረሰኞች በኋላ ተበታትነው በዳኑብና በምሥራቅ ድንበሮች ሰፍረው እናገኛቸዋለን።

«ተንቀሳቃሽ ጦር» ሲባልም ጋላቢ ብቻ አይምሰላችሁ። ኮሚታተንሴስ በተባለው የመስክ ጦር ውስጥ እግረኛው ይበዛ ነበር። ፈረስ ውኃ፣ መኖና ዕረፍት ይሻል፤ መንገዱ ሲረዝም እግረኛው ብዙም አይቀደምም።

በሥዕል ላይ ለሮም ፈረሰኞች እርካብ የሚያደርጉላቸውም አሉ። እርካብ ገና አልደረሰም ነበር።

የመጨረሻው ስህተት ጥሩር የለበሰውን ፈረሰኛ የማይበገር ማድረግ ነው። በ272 አንጾኪያ አጠገብ የንጉሠ ነገሥት አውሬልያን ቀላል ፈረሰኞች የሸሹ መስለው የፓልሚራዋን ንግሥት የዘኖብያን ከባድ ፈረሰኞች አስሮጧቸው፤ ሙቀትና ብረት ሲያደክማቸው ዞረው ፈጇቸው። በ357 ስትራስቡርግ ላይ ደግሞ የኋላው ንጉሠ ነገሥት የዩልያኖስ ከባድ ፈረሰኞች አለቃቸው ሲቆስል ደንግጠው ሸሹ፤ አለማኖች የተባሉትን የጀርመን ነገዶች ያሸነፈው እግረኛው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ዞሲሞስ እንደሚተርከው፣ ዩልያኖስ የሸሹትን 600 ፈረሰኞች የሴት ልብስ አልብሶ በሰፈሩ መካከል አዞራቸው። በሚቀጥለው ውጊያ፣ ይላል ዞሲሞስ፣ ከሁሉ በልጠው ተዋጉ።