ቡኬሮ፦ ቀለም ሳትቀቡ ጥቁር ሸክላ ለመሥራት

በጥንት ዘመን በኢጣሊያ ይኖሩ የነበሩትን የኤትሩስካውያንን ጥቁር ዋንጫ ያየ ሰው ሁሉ «ምን ቀብተውት ነው?» ይለኛል። ምንም አልቀቡትም። ቡኬሮ የሚባለው ይህ ሸክላ ሲሰበር ውስጡም ጥቁር ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ከእሳቱ ነው።

ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ675 ገደማ፣ ዛሬ ቼርቬቴሪ በምትባለው የኢጣሊያ ከተማ ተጀመረ። ሠሪዎቹ የብረታ ብረት ዕቃ ለመምሰል ይጥሩ ስለነበር የጥንቶቹ ዋንጫዎች በጣም ስስ ናቸው። በኋላ በሌላዋ የኢጣሊያ ከተማ በኪዩሲ የተሠሩት ወፍራምና ጌጥ የበዛባቸው ናቸው፤ እኔ አልወዳቸውም።

ብረት ያለው፣ ሲተኮስ የሚቀላ ሸክላ አፈር ያዙ። በውኃ በጥብጡት፣ ጠጠሩ ይዝቀጥ፣ ላዩን በደቃቅ ወንፊት አጥልሉት። ከዚያ በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ትንሽ ዋንጫ አውጡ። ሁለቱን እጀታዎች ዋንጫው ሳይደርቅ በቀጭን ጭቃ ለጥፉ።

አሁን ትዕግሥት። ጣት ሲጫነው የማይጎደጉድ፣ ጥፍር ግን የሚጭረው ሲሆን በለስላሳ ጠጠር ፈትጉት። በአንድ አቅጣጫ፣ ሳትጫኑ። ቶሎ ከጀመራችሁ ይጨማለቃል፤ ከዘገያችሁ ይጫጫራል። አብረቅርቆ ሲያበቃ፣ ጥርስ ባለው መሣሪያ ነጠብጣብ እየተጫናችሁ ማራገቢያ የሚመስል ጌጥ አውጡበት። ኤትሩስካውያን ይህን ጌጥ ይወዱት ነበር። ሁለት ሦስት ይበቃል፣ አታብዙት።

በደንብ ሲደርቅ ክዳን ባለው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በሰጋቱራ ቅበሩት፣ የክዳኑን ዙሪያ በጭቃ ምረጉ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አግሉት። ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ከበዛ የፈተጋችሁት ወዝ ይጠፋል። ሰጋቱራው አየር አጥቶ ሲከስል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ከፊሉን ይነጥቃል፤ የቀረው ጥቁር ነው። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቸኩሎ ይከፍተዋል። ትኩስ እያለ አየር ካገኘ እዚህም እዚያም ይቀላል። እጅ እስኪያስችል ጠብቁ። ካወጣችሁት በኋላም እሳት ላይ እንዳትጥዱት፤ አየር ባለበት ዳግም ከጋለ ጥቁረቱን ያጣል።