የዊ ሪሞትን ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘሁበት መንገድ

የዊ (የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ) ጨዋታዎችን በላፕቶፕ ላይ የሚያስኬደው ዶልፊን የተሰኘው ኢሙሌተር (የጌም ማጫወቻውን ሥራ የሚያስመስል ፕሮግራም) ያለ ችግር ቢከፈትም፣ ሪሞቱ ግን አራት ሰማያዊ መብራቶቹን ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም አድርጎ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱ ሪሞቱ አስቀድሞ በላፕቶፑ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ መመዝገቡ ስለነበረ፣ ከዚያ ሰርዤው በዶልፊን የመቆጣጠሪያዎች ገጽ ላይ እውነተኛ የዊ ሪሞት የሚለውን አማራጭ መረጥሁ፤ ያለማቋረጥ እንዲፈልግ የሚያዘውን ሳጥንም ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ በባትሪው ክዳን ሥር ያለችውን ትንሽ ቀይ ቁልፍ ስጫን (የሪሞቱን 1 እና 2 ቁልፎች አንድ ላይ ከመጫን ይልቅ እሷን እመርጣለሁ) የመጀመሪያዋ መብራት በርታ ቀረች።

የቀረው ሪሞቱ በስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ጠቋሚ ነበር። ከስክሪኑ አጠገብ የሚቀመጠው ቀጭን ዘንግ፣ ሴንሰር ባሩ፣ ለላፕቶፑ ምንም መረጃ አይልክም፤ በሁለት ጫፎቹ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ብቻ ያወጣል፣ ብርሃኑን የሚያየውም በሪሞቱ ፊት ላይ ያለው ካሜራ ነው። ስለዚህ ከዩኤስቢ ኃይል ብቻ የሚወስድ ባር በቂ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከስክሪኑ በታች አስቀምጬ በዶልፊን ቅንብር ውስጥም የባሩን ቦታ ከታች ብዬ ሳስተካክል ጠቋሚው እጄን መከተል ጀመረ። የፀሐይ ብርሃን ከስክሪኑ ጀርባ ሲመጣ ግን ካሜራውን ስለሚያደናግረው መጋረጃ መዝጋት ያስፈልጋል።