የተሳቢ ማያያዣ ጓ ሲል፦ ወደ ብየዳ ከመሮጥ በፊት

ከጅማ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ባለ ተሳቢ መኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። መሃል ላይ የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት አለ። መኪናውንና ተሳቢውን የያዘው ግን አንድ ፒን ነው። ከተማችን ባቡር ስለሌላት፣ እዚህ «ማያያዣ» ስንል የምናወራው መኪናው ላይ ስላለው ስለዚህ ፒንና ስለሚገባበት የተሳቢው ቀለበት ነው።

ሾፌሮች ወደ ጋራዥ የሚመጡት ድምፅ ሰምተው ነው። «ፍሬን ስይዝ ከኋላ ይገፋኛል፣ ስነሳ ደግሞ ጓ ይላል» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ትንሽ በይድልኝና ልሂድ።» አልበይድም። ቀለበቱም ፒኑም በሙቀት የጠነከረ ብረት ናቸው። ብየዳ ሲነካቸው ጥንካሬያቸው ይበላሻል። ላዩ ያማረ ይመስላል፤ ስንጥቁ ግን ከብየዳው ዳር ይጀምራል።

መጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ደልዳላም ደረቅም ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተሳቢውን የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገቡ። ድንጋይ አይሆንም፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ከንፋስ ቱቦዎቹ ቀዩን ቀድማችሁ ንቀሉ፣ ከዚያ ቢጫውን። ስትገጥሙ በተቃራኒው ነው፤ ቢጫው ይቀድማል። ቀዩ ሲነቀል የተሳቢው ፍሬን ራሱ ስለሚይዝ፣ በመጨረሻ የሚገባው እሱ ነው።

ከዚያ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ እጠቡ። ቀይ ጭቃና የቆየ ግራሶ አብረው ሲደርቁ ስንጥቅ ይደፍናሉ። ባትሪ አብርታችሁ ቀለበቱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን ተመልከቱ። ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ነገሩ አልቋል፤ ቀለበቱ ይቀየር። የተጣመመም አይቃናም፣ ይቀየራል።

አሁን ካሊፐር አምጡ። 40 ሚሊ ሜትር በሚባለው ዓይነት፣ የፒኑ ሆድ ከ36.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ወይም የቀለበቱ ቡሽ (ፒኑ የሚያልፍበት የውስጥ ሽፋን) ከ41.5 በላይ ከሰፋ፣ ዕቃው ዕድሜውን ጨርሷል። ቀዳዳውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትለኩ። ጉተታው ከፊትና ከኋላ ስለሚበላው፣ ከጎን ወደ ጎን ብትለኩት አዲስ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 50 ሚሊ ሜትሩ የራሱ ልክ አለው። ማያያዣው ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ አንብባችሁ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ያወጣውን ልክ ተከተሉ።

አንድ ጊዜ የመጣልኝን ቀለበት ስፈታ ቡሹ ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ ላሜራ አገኘሁ። ቡሹ እንቁላል ሆኗል። ላሜራው ደግሞ ተቀጥቅጦ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሰልቷል፤ ፒኑን ዙሪያውን ቦርቡሮታል። ድምፁን ለማጥፋት የተደረገ ብልሃት መሆኑ ነው። በመጨረሻ ቡሽ ብቻ ይበቃው የነበረ መኪና ፒንም ተገዛለት።

ቡሹ በፕሬስ ይወጣል፣ በፕሬስ ይገባል። በመዶሻ የገባ ዘንበል ብሎ ይቀመጥና ቶሎ ይላላል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቤቱን ከዝገት አጽዱ። ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ርካሽ ነው፤ ካገኙት ለስላሳ ብረት የተቀረጸ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይበላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሰው ልካችሁ ብታስገዙ ይሻላል። ዕቃው ሲደርስም መጀመሪያ ለኩት።

ድምፁ ከቀለበቱ ላይሆንም ይችላል። ቀለበቱ የሚገባበትን የማያያዣውን አፍ በረጅም ብረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ከጀርባው ያለው ትልቁ ዳዶ ላልቷል ወይም እዚያው ያለው የጎማ ትራስ አልቋል። ከሻሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖችም እዩ። ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር አለ፤ ፋብሪካው 10.9 ካለ 8.8 አታስገቡ። አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ይቀየሩ። ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መጋለብ ማጥበቅ አይደለም። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ አጥብቁና ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ እንደገና ፈትሹ።

ገንዘብ ካለ የማሻሽለው በእጅ የሚገባውን ፒን ነው። ረዳቱ በመኪናውና በተሳቢው መሃል ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ሲል ሳይ አንጀቴ ይቆረጣል። አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሠራተኞችም እንዲሁ በፉርጎዎች መሃል ገብተው ፒን ሲያስገቡ ጣትና እጅ፣ ሕይወትም ያጡ ነበር። ኢላይ ጃኒ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲጋጭ ራሱ የሚቆለፍ ማያያዣ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1893 ደግሞ ራሱ የሚቆለፍ ማያያዣን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ለተሳቢም ራሱ የሚቆልፍ አለ። ሲገዛ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ ለምሳሌ 160 በ100 ሚሊ ሜትር፣ ከሻሲው ጋር አመሳክሩ። ቀዳዳ ለማጋጠም ሻሲ አትብሱ።

ራሱ ከቆለፈ በኋላም አትመኑት። ጎኑ ላይ ያለችው ጠቋሚ ፒን ወደ ውስጥ ገብታለች ወይ? ወጣ ብላ ከቀረች አልተቆለፈም፤ ከቦታችሁ እንዳትነሱ። ገብታ ከሆነ የተሳቢውን ፍሬን ይዛችሁ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጋራዥ በውሃ ግፊት ያጠበላችሁ ቀን ደግሞ ግራሶው አብሮ ስለሚሄድ፣ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ግራሶውን ድገሙት።